ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ስድስት

ሬናታ ዎዝኒኪ ከሰው ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው ጫማውን ነው። ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሪጅ ጎዳና ላይ ባለው የሕመምተኞች ጫማ መደብር ተንበርክካ የሰው እግር ስትለካ የኖረች ሴት ሌላ ዓይን ከየት ታምጣ? በኦሃዮ ያለችው የፓርማ ከተማ አሮጊቶች ሁሉ ያውቋታል። አውራ ጣቷን የጫማቸው አፍንጫ ላይ ጫን አድርጋ «እዚህ ጋ ያምዎታል አይደል?» ስትላቸው፣ ሐኪማቸው በሦስት ቀጠሮ ያላገኘውን ታገኘዋለች። «አንቺ ልጅ፣ ምናለ ዶክተር ብትሆኚ» ይሏት ነበር። ሰው እንዲህ የሚለው ለምርቃት ያህል ነው። ሬናታ ግን የምሯን ተቀበለችው፤ ጣጣዋም ከዚያ ይጀምራል።

በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የእግር ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ስታመለክት ያላሰበችው ጠላት መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃት፦ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሬናታ። ያቺ ልጅ ዳቦ ቤት እየሠራች በተረፋት ሰዓት ኮሌጅ ትማር ነበር፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ኤፍ ተሸክማ ወጥታለች። ትልቋ ሬናታ ያንኑ ኮርስ ደግማ ኤ አመጣች። ማመልከቻ የሚሰበስበው ቢሮ ግን ኤፉንም ኤውንም ደምሮ ያካፍላል። እዚያ ቤት ንስሐ የሚባል ነገር የለም። አንዴ የተጻፈ ኤፍ፣ ብታገቢ፣ ብትወልጂ፣ ፀጉርሽ ቢሸብት፣ የከተማው እግር ሁሉ በእጅሽ ቢድን፣ እንደ ክትባት ጠባሳ አብሮሽ ይኖራል።

ተደምሮ ተካፍሎ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ወጣላት። ሁለት ትምህርት ቤቶች ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልጠሯትም። ሦስተኛው፣ ከኦሃዮ ርቆ በሌላ ክፍለ ግዛት ያለው፣ ከተጠባባቂዎች ጋር አስቀምጧት ከርሞ ትምህርት ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀር «ነይ» አላት። ይህ እንግዲህ ሰው «ደህና ሐኪም መሆን ያቃተው የሚገባበት» እያለ የሚያሾፍበት ትምህርት ነው። እስቲ የሚያሾፈው ሰው ይግባበትና እንየው።

ቤት የቀሩት አባቷ ብቻ ናቸው። አዛውንቱ ስታን ሠላሳ ስምንት ዓመት የመኪና በር የሚቀጠቅጥ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሲሸኙ «አራት ዓመት ምን አላት፣ ቁጭ ብድግ ነው» አሏት። «ከዚያ እዚህ ትመጫለሽ። የላይኛው ክፍልሽን ቀለም እቀባዋለሁ።»

ስምምነታቸው ይህ ነበር። ከአራቱ ዓመት በኋላ ሆስፒታል ገብቶ ሦስት ዓመት የሬዚደንት ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው፤ ያላገኘ ሰው ዶክተር ተብሎ ተመርቆም የአንድ ሰው ጥፍር መንካት አይፈቀድለትም። ቅድስት ሄድዊግ ሆስፒታል ደግሞ ከስታን ቤት በመኪና ሩብ ሰዓት ነው፤ በየዓመቱ ሦስት ሰልጣኝ ይቀበላል። ሬናታ ሌላ ምኞት አልነበራትም። ከሦስቱ አንዷ ሆና ቤቷ መግባት፤ በቃ። በተለይ ባለፈው ክረምት አባቷ በረዶ ሲዝቁ ወድቀው ጎረቤት እስኪያያቸው ግማሽ ሰዓት መሬት ላይ ከቆዩ ወዲህ፣ ያቺ ሩብ ሰዓት ከሐሳቧ ወጥታ አታውቅም።

የሄድዊግ ማስታወቂያ ግን «አማካይ ነጥቡ ከሦስት ያላነሰ» ይላል። ሬናታ በመጀመሪያው ዓመት ባዮኬሚስትሪ ጣላት፤ እንደገና ኤፍ። በበጋው ደግማ ቢ አገኘች፤ እንደገና ተደመረ፣ ተካፈለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንደ በሬ አረሰች፤ አራተኛው ዓመት ላይ የደረሰችው ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ስድስት ላይ ነው። ከሰማንያ ተማሪ ሃምሳ አራተኛ። ከሦስት የጎደላት አራት መቶኛ ነው፤ የጫማ ስፋት ቢሆን ካልሲ የሚሞላው ክፍተት። ከእሷ በላይ ካሉት ሃምሳ ሦስቱ ግማሾቹ ጀሶ ማሰር የተማሩት ከእሷ ነው። ይህ የትም አይደመርም።

ከእነዚያ አንዱ ፕሬስተን ነው፤ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ከክፍሉ ሦስተኛ። የሕመምተኛ እግር ሲይዝ ትኩስ ድንች የያዘ ይመስል ነበር፤ ሬናታ ናት እጁን ያሰለጠነችለት። በዕድሜ ስለምትበልጠው «እትዬ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ «ቀለሜው» ትለዋለች። ክፉ ልጅ አይደለም። ወድቆ ስለማያውቅ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ይመስለዋል፤ ያ ነው ችግሩ።

በአራተኛው ዓመት ተማሪዎቹ መቀጠር በሚመኙበት ሆስፒታል ሁሉ አንዳንድ ወር ይሠራሉ። ስሙ ልምምድ ነው፤ እውነቱ ግን ሠላሳ ቀን የሚፈጅ ፈተና መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሬናታ ሄድዊግን ስትጠይቅ ጸሐፊዋ በስልክ «ነጥብሽ ከሦስት በታች ነው እኮ» አለቻት። ትንሽ ወረቀት አገላበጠችና «ግን ጥቅምት ላይ አንድ ልጅ ቀርቶብናል፤ እሺ፣ ነይ» አለች። ሬናታ ግማሹን ስድብ፣ ግማሹን እግዜር የሰጠው ዕድል ብላ ሄደች። ያን ወር ፕሬስተንም እዚያው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዶምብሮውስኪ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። የእግራቸው ቁስል አራት ጊዜ ተዘግቶ አራት ጊዜ ተከፍቷል። ሬዚደንቶቹ ስለ መድኃኒት ይከራከራሉ፤ ፕሬስተን የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ ሌላ አማራጭ፣ ማን በየትኛው ዓመት እንዳጠናው ሳይቀር ይወርደዋል። ሬናታ ከወንበሩ ሥር ተንበርክካ የሽማግሌውን ባዶ ጫማ አነሳችና እጇን እስከ አንጓዋ ከተተችው።

«እዚያ ውስጥ ምን ጠፋብሽ፣ እትዬ?» አላት ፕሬስተን። «በሽተኛው ያለው ወንበሩ ላይ ነው።»

«አንተ መድኃኒትህን ጨርስ፣ ቀለሜው» አለችው። ጣቷ አንድ የተጣጠፈ፣ እንደ ቅርፊት የደረቀ ነገር አገኘ። የጫማው የውስጥ ሶል ጫፍ ነው፤ ልክ ቁስሉ ያለበት ቦታ ላይ። «አባባ፣ ይሄን ሶል ማን ነው የቆረጠልዎት?»

«እኔው ነኛ። በወጥ ቤት መቀስ። ጠቦኝ ነበር።»

«ለሐኪሞቹ ነግረዋቸዋል?»

«ማን ጠይቆኝ?»

የሥልጠናው ኃላፊ ዶክተር ሃልቨርሰን በሩ ላይ ቆመው ነበር። ረጅም፣ ነጭ ቅንድብ ያላቸው፣ ቃል በኩፖን የሚታደላቸው የሚመስሉ ሰው ናቸው። ጫማውን አዩ፣ ሶሉን አዩ፣ «እ» ብለው ሄዱ።

«ምን ማለታቸው ነው?» አለችው ሬናታ አንዱን ሬዚደንት።

«ማን ያውቃል?» አላት። «ሚስታቸው መንታ ስትወልድም ያሉት እሱኑ ነው ይባላል።»

ወሩ በዚህ ሁኔታ አለቀ። አንድም ቀን «ጎበዝ» አላሏትም፤ አንድም ቀን አልተቆጧትም። ሰው በልፋቱ ልክ መልካም ቃል ካልሰማ ዝምታውን የሚሞላው በራሱ ፍርሃት ነው። ሬናታ ያቺን «እ» ይዛ ሦስት ወር አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ስታገላብጣት ከረመች።

ጥር ላይ የአገሪቱ የእግር ሕክምና ሆስፒታሎች ሁሉ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሆቴል ይሰበሰባሉ፤ የሚመረቀው ተማሪም ሁሉ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ይከተላቸዋል። ጥያቄው የሚካሄደው መኝታ ክፍሎች ውስጥ ነው። አልጋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ አራት ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ዕጣ ፈንታውን ከአልጋ ልብስና ከፀጉር ማድረቂያ ጎን ይሰማል። ኮሪደሩ ላይ መቶ ምናምን ለቀስተኛ የሚመስል ወጣት ይርመሰመሳል፤ አሳንሰሩ ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። ዘንድሮ የሚለወጥ፣ ከርሞ የሚሻሻል ሥርዓት እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ያማርረዋል፤ ሁሉም ይሄዳል።

በሄድዊግ ክፍል ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። ሁለቱ ስለ ስብራት፣ ስለ ኢንፌክሽን ጠየቋት፤ ሳትደናቀፍ መለሰች። ሃልቨርሰን ወረቀቷን ሲያዩ ቆዩና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ኤፍ?»

«የመጀመሪያው ዓመት ባዮኬሚስትሪ ነው። በጋ ላይ ደግሜ ቢ አምጥቻለሁ።»

«ለምን ወደቅሽ?»

ሰው እዚህ ቦታ ላይ የሚናገረውን አስጠንተዋት ነበር፤ ቤተሰብ ታሞብኝ፣ ከተማው አዲስ ሆኖብኝ፣ ምናምን። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አልገባኝም ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከደገምኳት ከአንዲት ኮርስ በቀር፣ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም ነበር። ሲገባኝ ፈተናው አልፏል።»

«እሺ» አሉ ሃልቨርሰን። እስክሪብቶ አነሱና ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር አከበቡ። ሬናታ ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው እግር ቁጥር ከፊት ለፊት ሆና ስታነብ የኖረች ሴት ናት፤ የተገለበጠ ቁጥር ማንበብ አያቅታትም። ያከበቡት 2.96ን ነው።

ፕሬስተን አሳንሰሩ አጠገብ አገኛት። «ምን አሉሽ?»

«እሺ አሉኝ።»

«እሺ ብቻ?»

«አከበቡት።»

«ምኑን?»

«ነጥቤን ነዋ።»

ፕሬስተን ከንፈሩን መጠጠ። «ልንገርሽ እትዬ? ወር የሠራላቸውን ሰው ሁሉ ቅር እንዳይለው ይጠሩታል። ይሉኝታ ነው። ሦስት ነጥብ ብለው ጽፈዋል እኮ፤ ለምን የሚጽፉት ይመስልሻል?»

በማግስቱ ሦስት ፎቅ ወደ ላይ ወጥታ ሌላ ክፍል ገባች። የያዘው በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ደቡብ ጫፍ ያለ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ነው፤ ከፓርማ በመኪና ዐሥራ አራት ሰዓት። ኃላፊው ዶክተር ላቭሌስ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ከአገራቸው ያመጡትን ለውዝ በሳህን አቀረቡላት። «እኛ ነጥብ አንቆጥርም፣ ልጄ። የምንቆጥረው ልብ ነው» አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንደኛ አድርገሽ ከጻፍሽን ቦታሽ አለ። አንደኛ ትጽፊናለሽ?» አሉ። ይህን መጠየቅ ክልክል ነው። ሁሉም ይጠይቃል። ሬናታ ከሄድዊግ ክፍል ከወጣች ጀምሮ ደግ ቃል ያናገራት የመጀመሪያው ሰው ነበሩ፤ «አዎ» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ነገሩ ግልጽ ይሁን፤ ምክንያቱም የሚያቃጥለው እዚህ ነው። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ተማሪው ሆስፒታሎቹን በምርጫው ቅደም ተከተል ጽፎ ይልካል፤ ሆስፒታሎቹም ተማሪዎቹን እንዲሁ። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ የሚያየው ተማሪው አንደኛ ያለውን ነው። ያ ሆስፒታል ካልፈለገው ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፤ ሁለተኛው ጋ ሲደርስም አንደኛ ብሎ ከጻፈው ሰው እኩል ነው፤ የሚቀነስበት ነገር የለም። ስለዚህ ሰው መጻፍ ያለበት የልቡን ነው። ይህን በየዓመቱ ያስተምሯቸዋል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በየዓመቱም ነጥቡ ያስደነገጠው አንድ ሰው፣ የልቡን አንደኛ መጻፍ ድፍረት መስሎት፣ የማይፈልገውን ያስቀድማል።

ሬናታ ሄድዊግን አንደኛ ብትጽፍ የምታጣው ምንም አልነበረም። ላቭሌስ ዝርዝሯን የሚያዩበት መንገድ እንኳ የላቸውም። ታውቀዋለች። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሁለት ኤፍ ያየች ሴት ኮምፒዩተርም አያምናትም፣ እሷም አታምነውም። የካቲት ላይ የትምህርት ቤቷን አማካሪ ደውላ ጠየቀቻት።

«በዚህ ነጥብ?» አለች አማካሪዋ። «ሬናታ፣ ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ልጆች ቦታ አጥተው ቀርተውብናል። የሚፈልግሽን ያዢ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።»

«የሚፈልገኝን ሁለተኛ ብጽፈውስ? ያው አይደለም እንዴ?»

«በወረቀት ያው ነው» አለች አማካሪዋ፤ ከዚያ ዝም አለች። ያቺ ዝምታ ጨረሰቻት።

ዝርዝሩ በሚዘጋበት ቀን ሬናታ ሄድዊግን አንደኛ ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች፣ አጠፋች። በመጨረሻ ጆርጂያን አስቀድማ ላከችው። ለአባቷ ስትደውልላቸው ግን «ላክሁት» አለቻቸው እንጂ ማንን እንዳስቀደመች አልነገረቻቸውም። መጠየቅም አላሰቡም። ልጃቸው ከቤቷ በፊት ጆርጂያን ትጽፋለች ብሎ ማን ያስባል?

ውጤቱ መጋቢት ላይ፣ የጾም ዓርብ ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ። ከአባቷ ጋር ሆና ለመስማት ፓርማ ገብታ ነበር። ኢሜይሉን ከፈተች፤ ጆርጂያ።

ስታን ተነሱ። ደረጃውን ወጥተው የላይኛውን ክፍል በር ዘግተው ተመለሱ። ቀለም ቀብተውታል፤ ሬናታ ጠዋት አይታዋለች።

«በቁጥር ሰው ይመዝናሉ!» አሉ ቆይተው። «ወር ሙሉ አሠርተውሽ! የሰው እጅ አያዩም? እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ ማንም ነጥብህ ስንት ነው ብሎኝ አያውቅም።»

ሬናታ ማረም ትችል ነበር። ሄድዊግ አልፈልግም አላለም፤ ወረፋውም አልደረሰው። ግን የማይፈልጋት መሆኑን በልቧ ስለጨረሰችው፣ ያው ነው ብላ ዝም አለች። ስድቡም ትንሽ ደስ አላት፤ ሌላ ሰው ላይ የሚወርድ ስድብ ያሳርፋል።

ማታ ላይ እንደ ጾሙ ዓርብ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሄዱ። ወረፋው በር ድረስ ነው፤ አሮጊቶቹ ድንች የተሞላውን የፖላንድ ሊጥ፣ ፒዬሮጊን፣ በሽንኩርት እየጠበሱ ያወጣሉ። ስታን ሳህናቸውን ይዘው በየጠረጴዛው እየቆሙ ሄድዊግን ወቀሱት። «ልጄን አልፈልግም አሉ። አራት መቶኛ ጎደለ ብለው!» የሰፈሩ ሰው ከንፈር መጠጠ። ሬናታ ጫማ ስትለካላቸው የኖሩ አንዲት ሴትዮ «እኔ ከእንግዲህ ሞቼ ካልሆነ እዚያ አልሄድም» አሉ። አንዱ ደግሞ ለጋዜጣ እንጻፍባቸው አለ።

ስልኳ ጮኸ። የሄድዊግን ቁጥር ስታይ ኮት ወደሚሰቀልበት ጠባብ ክፍል ገባች።

«ሃልቨርሰን ነኝ» አሉ። «ጆርጂያ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ለምን?»

ጥያቄው አልገባትም። «እንዴት ለምን?»

«በዝርዝራችን ሁለተኛ ነበርሽ። ሦስት ቦታ ነው ያለን። አንቺን ያላገኘንሽ ከእኛ በላይ ሌላ ስለጻፍሽ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ያ ቦታ ይሻልሻል?»

ሬናታ አንዱን ኮት እጅጌ ያዘች። «ነጥቤ… ከሦስት በታች ነው። ሲያከብቡት አይቻለሁ።»

«ያከበብኩት ስብሰባው ላይ እንድከራከርበት ነው። ተከራከርኩበት።» ድምፃቸው ውስጥ ሬናታ ሰምታው የማታውቀው ቁጣ ነበር። «ነጥብሽን መመዘን የእኔ ሥራ ነው፣ ዎዝኒኪ። አንቺን ማን ሥሪልኝ አለሽ?»

«ምንም አላሉኝም እኮ፣ ዶክተር። ወሩን ሙሉ።»

«እ» አሉ ሃልቨርሰን። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እሱ የእኔ ጥፋት ነው» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ውጤቱ አይቀየርም። የተፈረመ ያህል ነው፤ ከጆርጂያ ብትቀር የትም አትገባም። ሬናታ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከኮቶቹ መሐል ቆማ ራሷን ሰደበች፣ ፕሬስተንን ሰደበች፣ አማካሪዋን ሰደበች፣ ለውዙን ሳይቀር ሰደበች፤ አንዱም አላሳረፋትም። ከዚያ ወጣች።

አባቷ አሁንም እያወሩ ነበር። ፊቷን ሲያዩ አቋረጡ። «ማን ነው የደወለው?»

«ሄድዊግ።»

«ምን ቀራቸው ደግሞ? ሊሳለቁ ነው?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሹካቸውን ይዘው ዞረው አዩዋት።

«ፈልገውኝ ነበር፣ አባዬ» አለች። «ሁለተኛ ጽፈውኛል። ጆርጂያን ያስቀደምኩት እኔ ነኝ።»

ስታን ሳህናቸውን አስቀመጡ። ልጃቸው ምን እንዳለች የገባቸው ቀስ ብሎ ነው። «አስቀደምሽ? ከቤትሽ?»

«አይፈልጉኝም ብዬ ነዋ።»

«አንፈልግሽም ብለውሽ ነበር?»

«አላሉኝም» አለች ሬናታ። «አልጠየቅኋቸውም።»